ብብት የሚያርፍበት ጎባጣ

ባሌ ካሴ ከሞተ ዓመት ሳይሞላው፣ ወንድሙ ዝናቡ ደባርቅ ያለውን የእንጨት ሥራ ቤታችንን ሊረከበኝ መጣ። «ሴት አናጢ የት አገር ታየች?» አለኝ። «እዚህ፣ ፊትህ» አልኩት።

የምንሠራው መቋሚያ ነው፤ ካህናቱ በማሕሌት ተደግፈውት የሚቆሙትን። በ፲፱፻፷ ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ለኅዳር በዓሏ ሠላሳ አዘዘች። በእጅ ብቻ እንደማይደርስ ሁለታችንም ገብቶናል። ጎንደር አንድ የቤት ዕቃ ሠሪ መሣሪያውን እየሸጠ ነው ሲባል ሰምተን አብረን ወረድን።

እንጨት ማለስለሻዎቹ ሁለት ነበሩ፤ ሁለቱም እንደ ስፌት መኪና በእግር የሚረገጡ። አንደኛው ሰፊ የብርጭቆ ወረቀት እንደ ቀበቶ ያዞራል። ሌላው የብርጭቆ ወረቀት የተጠቀለለበት፣ ቀጥ ብሎ የሚሽከረከር እንዝርት ነው። አቅማችን ለአንዱ ብቻ ነበር።

ዝናቡ አንድ የመቋሚያ ዘንግ ቀበቶው ላይ ቢያስጠጋው አብረቀረቀ። «በቃ፣ ይኼው ነው» አለ። እኔ ከነጠላዬ ሥር የመቋሚያ ራስ አወጣሁና ብብት የሚያርፍበትን ጎባጣ እንዝርቱ ላይ አስጠጋሁት። ቀበቶው የማይገባበት ቦታ ሁሉ ገባ።

«ዘንጉንስ ማን ያለሰልስልሻል?»

«እጄ። ዘንግ በብርጭቆ ስባሪ ይፋቃል። ጎባጣው ነው ጣት የሚበላው።»

«የደረስጌው መሪጌታ ሥራሽን አልፈልግም ካሉ ቤቱን ትለቂያለሽ።»

«እለቃለሁ» አልኩ። ንዴቴ ነው ያናገረኝ፤ ፈርቼም ነበር። ያም ሆኖ እንዝርቱን አስጫንኩ።

የመጀመሪያው መቋሚያ እንዳለቀ መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ከደረስጌ ሊያዩት መጡ። ዝናቡ ቀድሞኝ አነሣው። «እስቲ ይዩት የኔታ፣ ዘንጉ ላይ የስባሪው መንገድ ይታያል።» እውነቱን ነው፤ ይታያል።

መሪጌታ ግን ዘንጉን አላዩትም። የመቋሚያውን ራስ ብብታቸው ሥር አስገብተው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ እያዜሙ ወዲህና ወዲያ ተወዛወዙ። ቆይተው ክንዳቸውን ቀየሩ።

«ካሴ የሠራልኝ እንዲህ ነበረ» አሉ። «አሥራ ሁለት ዓመት ስቆምበት አንድ ቀን ብብቴን አልላጠኝም።»

«የወንድሜ የእጅ ሙያ እኔም ዘንድ አለ» አለ ዝናቡ።

ቀኝ ሌባ ጣቴን ዘረጋሁ። ጫፉ ተልጦ፣ ድኖ፣ እንደገና ተልጦ የተጣመመ ነው። «የካሴ ሥራ ዘንጉ ነበር፣ የኔታ። ጎባጣውን ሁሉ በዚህች ጣት የፋቅሁት እኔ ነኝ። እሱም አልተናገረ፣ እኔም ዝም አልኩ። ከእንግዲህ ግን ዝም አልልም።»

ጎንበስ ብለው ጣቴን ተመለከቱት። «እኛ መቋሚያን በዓይን አናውቀውም፤ የምናውቀው ተደግፈንበት ነው» አሉ። «የቀረውን ሃያ ዘጠኝ አንቺው ጨርሽልን፣ የሺወርቅ።»

እሳቸው ሲሄዱ ዝናቡ በሩ ላይ ተገትሮ ቀረ። ውጣ አላልኩትም። ሠላሳው ለኅዳር መድረስ አለበት፤ እንዝርቱ ደግሞ የሚረግጠው እግር ይፈልጋል።

«ና ተቀመጥና እርገጥ» አልኩት።

«እኔ?»

«አዎ። እንጨቱን የምይዘው እኔ ነኝ።»

መጥቶ ተቀመጠና እግሩን መርገጫው ላይ አኖረ።