የሙሽራው ወንበር ደጅ ወጣ

"ተነስ!" አለው ጸጉር አስተካካዩ፣ ማበጠሪያውን አየር ላይ እንደያዘ።

ታናሽ ወንድሙ ገና መቀመጡ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሙሽራ ነው። ሚዜዎቹ አግዳሚው ላይ ተደርድረው ይሳሳቃሉ።

"ምነው ጋሼ?"

"ጉንፋን ይዞሃል።"

"ኧረ አቧራ ነው!" አለ ሙሽራው፣ የሚንት ከረሜላውን ጉንጩ ውስጥ እያገላበጠ። የታፈነው አፍንጫው ግን አሳበቀበት።

ሰፈርተኛው ጸጉር አስተካካዩን "አቶ መስኮት" ይለዋል። በረደም ሞቀም መስኮቱን አይዘጋም። ደንበኛ ሲገባ ከሰላምታው አስከትሎ "ያስልሃል?" ይላል፤ አዎ ካለው ደግሞ "ሲሻልህ ና" ብሎ በፈገግታ ይሸኘዋል። እጁን በሳሙና ሲታጠብ ነው የሚውለው። የጉንፋን ክትባቱን በየዓመቱ ይከተባል፤ ደህና በሆነበት ቀን እንኳ የአስም መድኃኒቱን ሳይስብ ከቤት አይወጣም። ሲስቁበት አብሮ ይስቃል እንጂ ፍንክች አይልም። ሥራው ከሰው ትንፋሽ ስር መዋል ለሆነ ሰው ይህ ቀላል ጀግንነት አይደለም።

አምና አንድ ደንበኛ ያስያዘው ጉንፋን ደረቱ ላይ ወርዶ አስሙን ቀሰቀሰውና በኦክስጅን ተረፈ። ያን ቀን በጀርባው አዝሎ ሆስፒታል ያደረሰው ይኸው ሙሽራ ነበር።

"በሰርጌ ቀን ታባርረኛለህ?" አለ ሙሽራው። "ካንተ በቀር ጸጉሬን ማን ነክቶት ያውቃል? ደግሞ እኮ በመኪናዬ ከጎኔ የምትቀመጠው አንተ ነህ!"

ጸጉር አስተካካዩን ወንድሙ አሳዘነው፤ ግን የአምናውንም አልረሳም። ጥቂት አሰበና አንድ የፕላስቲክ ወንበር አንስቶ ደጅ አወጣ። ከመሳቢያው ሁለት ማስክ መዘዘ፤ አንዱን ራሱ አጠለቀ፣ ሌላውን ለወንድሙ ሰጠው።

"ጸጉርህን እኔ፣ ጺምህን ራስህ!"

"መንገድ ላይ? ሰው ምን ይለኛል?"

"የአቶ መስኮት ወንድም ይበሉሃ!"

ሚዜዎቹ በሳቅ ፈረሱ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ አየ፣ መኪኖች ጥሩምባ ነፉ። ሙሽራው መጀመሪያ አኮረፈ፤ የመቀሱን የለመደውን ድምፅ ሲሰማ ግን ትከሻው ላላ። ጸጉር አስተካካዩ ከጀርባው ቆሞ እንዲህ ተጠንቅቆ ሠርቶ አያውቅም።

ሲጨርስ ሙሽራው በእጅ መስታወት ራሱን አየና ደስ አለው። ብድግ ብሎ እንደ ልማዱ ሊያቅፈው እጁን ዘረጋ። ግማሽ ላይ ግን ቆም አለ። እጁን ሰብስቦ ደረቱ ላይ አደረገና ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ።

ከዚያ ወደ ሚዜዎቹ ዞረ።

"ለጋሼ ሌላ መኪና ፈልጉለት" አለ። "መስኮቱንም ክፈቱለት።"