ቅጠል ያራገፈው ጫካ

ጭልፊት ካርታውን ስታየው ደሟ ፈላ። በጥብቁ የደን ክልል ምዕራባዊ ጫፍ ያለው ሸንተረር ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ተቀብቷል። በካርታ ሥራ ክፍሉ ደንብ ቢጫ ራቁት መሬት፣ አረንጓዴ ጫካ ነው። እሷ ደግሞ ትናንት አረንጓዴ አድርጋው ነበር ወደ ቤቷ የሄደችው።

«ማነው ሥራዬን የነካው?»

ባልደረቦቿ ወደ ኃላፊው የመስታወት ቢሮ ዞሩ። ማተሚያው ብቻ ያጓራል።

«እኔ ነኝ» አሉ ኃላፊው ከመስታወቱ ወዲያ። «ግቢና በሩን ዝጊው።»

ኃላፊው አጎቷ ናቸው። አባቷ ሲሞት ያሳደጓት፣ ከአውሮፕላን የተነሣ ፎቶ ማንበብ ያስተማሯት፣ ዓይኗ አይስትም ብለው «ጭልፊት» ያሏትም እሳቸው።

«ጋሼ፣ እዚያ ያለው ጫካ ነው።»

«ፎቶው ላይ ቡናማ ነው። ኮምፒውተሩም ባዶ መሬት ብሎ ለይቶታል።»

«ፎቶው በበጋ ተነሥቶ ነዋ! ደመና እንዳይጋርደን ብለን አውሮፕላኑን በበጋ አስነሣን፤ የዚያ ሸንተረር ዛፎች ደግሞ በበጋ ቅጠላቸውን ያራግፋሉ። ኮምፒውተር ቀለም እንጂ ዛፍ ያውቃል? በጥንድ መነጽሩ ይዩዋ!»

ጥንድ መነጽሩ አጫጭር እግሮች ያሉት ባለ ሁለት ሌንስ መሣሪያ ነው። አንድን ቦታ ከሁለት አቅጣጫ ያሳዩ ፎቶዎች ሥሩ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ጠፍጣፋው ምስል ነፍስ ይዘራል፤ ገደሉ ይጎደጉዳል፣ ዛፉ ይቆማል።

አጎቷ ግንባራቸውን አሹ። «አይቼዋለሁ፣ ልጄ። ግን የክልሉን ወሰን የሚወስነው ኮሚቴ ዛሬ ከሰዓት ይቀመጣል። ቅጠል የሌለውን ጫካ ነው ብል ካርታውን በሙሉ አያምኑትም፤ ያኔ አጠገቡ ያለውን ሸለቆም ከክልሉ ይቆርጡታል። ሸለቆውን ላትርፍ ብዬ ነው። ክረምት ሲገባ ሌላ ፎቶ እናነሣና እናርመዋለን።»

«ክረምት ሲገባ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!»

ቢጫ የተቀባው ከጥብቁ ክልል ወጥቶ ለእርሻና ለጣውላ እንደሚሰጥ ሁለቱም ያውቃሉ። ይበልጥ ያበገናት ግን አጎቷ ስለ ሸለቆው ያሉት ውሸት አለመሆኑ ነው።

«እንግዲያው ስሜን ያውጡልኝ» አለች።

ይለምኑኛል ብላ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ኮምፒውተራቸው ዞረው ከካርታው ግርጌ ስሟን አጠፉት፤ እፎይ ያሉም መሰላት። የቢሮውን በር በኃይል ዘጋችው። እሷ ንጹሕ ወጣች፤ ሸንተረሩ ግን ያው ቢጫ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጥንድ መነጽሩን በብብቷ፣ ፎቶዎቹን በእጇ ይዛ የስብሰባውን በር ሳታንኳኳ ገባች። አጎቷ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ምንድነው ይሄ?» አሉ ሰብሳቢው፤ ራሰ በራ፣ ድምፀ ወፍራም ሰው ናቸው። «መነጽር ልትሸጪልን ነው?»

ሳቅ ሆነ።

«ጎንበስ ብለው ይዩ» አለች፣ መሣሪያውን ፎቶዎቹ ላይ እያቆመች።

ሰብሳቢው እየሳቁ ጎነበሱ። ሳቃቸው መሀል ላይ ተቆረጠ። የሚዳሰስ ነገር ያለ ይመስል ጣታቸውን ሌንሱ ሥር ሰደዱ። ቀና ሲሉ ግን ተኮሳተሩ።

«እሺ፣ እንጨት ቆሟል። አንድ ቅጠል ግን የለውም። የደረቀ ነገር ምን ብለን ነው የምንጠብቀው?»

ስትውጠው የዋለችው ሁሉ ገነፈለ።

«እርስዎስ አናትዎ ላይ አንድ ፀጉር አለ? ሞተዋል ብለን እንቅበርዎት?»

አንዱ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሲሞክር ትን አለው።

«ውጪልኝ!» ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መቱት። «አሁኑኑ!»

ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ከውስጥ የወንበር መጎተት ተሰማ፤ ከዚያ አንዲት ሴት «እስቲ ዞር በሉ፣ እኔም ልየው» ስትል፣ ሌላው «ኧረ እውነትም ዛፍ ነው!» ሲል።

ቆይቶ አጎቷ ፊታቸው ፍም መስሎ ወጡ።

«አዋረድሽኝ።»

«ምን ተወሰነ?»

«ተራዝሟል። ቅጠል ሲያወጣ ድጋሚ ፎቶ ይነሣ፣ እስከዚያ ማንም እንዳይነካው ተብሏል። አንቺ ግን ገብተሽ ሰውዬውን ይቅርታ ትጠይቂያለሽ።»

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን ደስ አላላትም።

«ሲበርድልኝ እጠይቃቸዋለሁ» አለች። «እሳቸው እኮ አላዩም ነበር፣ ጋሼ። ሲያዩ አመኑ። እርስዎ ግን አይተው ነው ቢጫ የቀቡት።»

አጎቷን ኮሪደሩ ላይ ትታ ወደ ሥራ ክፍሏ ሄደች። ወንበሯን በእግሯ ስባ ተቀመጠችና ሸንተረሩን እንደገና አረንጓዴ መቀባት ጀመረች፤ የማውሱን ቁልፍ ሊሰበር እስኪደርስ እየደበደበች።