የግራው መብራት

ልብስ ሰፊዋ የአባቷን አሮጌ ሳንቲሞች ፎቶ ልታነሳ የተቀመጠችው፣ አንድ የሳንቲም ሰብሳቢ በስልክ «ፊቱም ጀርባውም ጥርት ብሎ ይታየኝ፤ ከዚያ እንነጋገራለን» ስላላት ነው። ካሜራ የላትም። ያላት ስልኳና ከመንገድ ሻጭ በርካሽ የገዛቻቸው ሁለት ትንንሽ መብራቶች ናቸው። በስፌት ጠረጴዛዋ ላይ መጻሕፍት በሁለት ረድፍ ከመረች፤ ስልኩን በላያቸው አጋድማ የካሜራውን ዓይን ወደ ታች አደረገች። ከሥሩ ነጭ ወረቀት አነጠፈች። መብራቶቹን ከግራና ከቀኝ አቁማ፣ የሳንቲሞቹ ብር እንዳያንጸባርቅ በስስ ጨርቅ ጋረደቻቸው።

ባለታክሲው ታናሽ ወንድሟ፣ ሁለት ዓመት እንኳ ያልሞላት ልጁን አቅፎ መጥቷል። የሳንቲሞቹ መሸጥ አልጣመውም፤ ቢሆንም ሥራ እያየ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይሆንለትም።

«እትዬ፣ ለሙሽራ ፎቶ እንኳ እንዲህ አይደከምም።»

«ይልቅ ጥላህን አንሳልኝ። አንተ በቆምክበት ፀሐይም አትወጣ!»

እየሳቀ ዞር ሲል ክርኑ የግራውን መብራት ጠልፎ ጣለው። አንስቶ ወደ ቦታው መለሰው። ልጁ ሚጣ ከጠረጴዛው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ እየበተነች ትጫወታለች።

ስድስቱ ሳንቲሞች አምረው ወጥተው ነበር። በሰባተኛው ላይ ግን የተቀረጸው ፊት ግማሹ ጨለመ። ልብስ ሰፊዋ «ደመና መጣ መሰለኝ» ብላ ቀጠለች።

ጥቂት ቆይቶ ሚጣ አሳላት። አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ ለሃጯ ይዝረበረብ ጀመር። አባቷ ብድግ አድርጎ ውሃ ቢሰጣት መልሳ ተፋችው። እያለቀሰች አንገቷን ትነካካለች።

«ሳንቲም ውጣለች!» አለ።

«ቁጠር! አሥራ ዘጠኝ ናቸው።»

ቆጠረ፤ አሥራ ዘጠኝ። እሷም ቆጠረች፤ አሥራ ዘጠኝ።

«ተመስገን!» አለ ቁጭ እያለ። «አንድም አልጎደለ። ጉንፋን ቢጤ ይሆናል።»

እሷ ግን ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። የቀኙ መብራት ይበራል፤ የግራው ጠፍቷል። አንስታ ገለበጠችው። የሥሩ ክዳን የለም። እንደ ሳንቲም ክብ የሆነችው ጠፍጣፋ ባትሪም የለችም። ተንበርክካ ጨርቁን በተነችው፤ ክዳኑ ተገኘ፣ ባትሪዋ የለችም። ክው አለች።

«ተነስ፣ መኪናህን አስነሳ! ባትሪ ነው የዋጠችው።»

ሁለቱንም መብራቶች ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ልጅቱን ነጥቃው ሮጠች።

መንገዱ ተዘጋግቷል። ባለታክሲው ጥሩምባውን ሳይለቅ «እኔ ነኝ የጣልኩት፣ እኔ ነኝ...» ይላል።

«ዝም ብለህ ንዳ! ጥፋቱን በኋላ እንካፈለዋለን።»

ሆስፒታሉ በሰው ተጨናንቋል። ተራ የምታስይዘው ነርስ ቀና ሳትል «ሳንቲም ከሆነ ብዙ ጊዜ በራሱ ይወርዳል፤ እዚያ ተቀመጡ» አለች።

«ሳንቲም አይደለም እህቴ።» ልብስ ሰፊዋ ከቀኙ መብራት ባትሪውን ፈልቅቃ ነርሷ ፊት አስቀመጠች። «የዚህችን እኩያ ነው የዋጠችው።»

ነርሷ ወንበሯን ገፍታ ተነሳች።

ራጁ ሚጣ ጉሮሮ ላይ የተሰነቀረች ክብ ነገር አሳየ። ሐኪሙ በችኮላ «ባትሪ ሥጋ ያቃጥላል፤ እያንዳንዱ ደቂቃ ዋጋ አለው። መቼ ነው የዋጠችው?» ሲል ጠየቀ።

ባለታክሲው ወደ እህቱ ዞረ። «አንድ ሰዓት... ሁለት ሰዓት... እኔ እንጃ።»

እህቱ ስልኳን ከፈተች። «ይቺን ይዩልኝ ዶክተር። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ፤ ሳንቲሙ በሁለቱም በኩል በርቶለታል። ይቺ ደግሞ ከሃያ አራት፤ ግራው ጨልሟል። መብራቱ የወደቀው በመሃል ነው። ከዚያ በፊት አልዋጠችም።»

ሐኪሙ የግድግዳውን ሰዓት አየ። አሥር ሰዓት ከአምስት። «አርባ አምስት ደቂቃ እንኳ አልሞላትም። ቶሎ አስገቧት!»

በሩ ተዘጋ። ባለታክሲው ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቆመ። ልብስ ሰፊዋ የሕፃኗን አንድ እግር ጫማ ጨብጣ ትመላለሳለች።

«ለእናቷ ምን ብዬ ልንገራት?»

«እውነቱን። አጠገብህ እቆማለሁ።»

ደወለ። ሚስቱ ሥራዋን ጥላ እያለከለከች ስትደርስ በሩ ገና አልተከፈተም ነበር። ማንም ማንንም አልወቀሰም፤ ለመውቀስም ትንፋሽ ያለው አልነበረም።

በመጨረሻ ሐኪሙ ትንሽ ሳህን ይዞ ወጣ። ባትሪዋ በአንድ ጎኗ ጠቁራለች።

«ወጥታለች። ጉሮሮዋ ትንሽ ቆስሏል፤ ጥቂት ቀን እዚሁ እናያታለን። ብትዘገዩ ኖሮ...» ብሎ አልጨረሰውም።

በሦስተኛው ቀን ለሚጣ ወተት በማንኪያ ተፈቀደላት። እናቷ፣ አባቷና አክስቷ ሦስቱም ትንፋሻቸውን ይዘው ጉሮሮዋን ያያሉ። ፊቷን ጨምደድ አድርጋ ዋጠች። ከዚያ አፏን እንደ ወፍ ጫጩት ከፍታ ሌላ ማንኪያ ጠበቀች። ባለታክሲው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ እንደ ልጅ አለቀሰ።