ድንጋዩ እስኪደርቅ

እጅ ስንት ቀን ቢለማመድ ነው የእናትን ስም ለመጻፍ የሚበቃው? ሹቺንግ ይህን እያሰበች በየማለዳው ወንዝ ዳር ወዳለው መናፈሻ ትሄዳለች። 

አሥራ ሦስት ዓመት ሄልሲንኪ ቆይታ ወደ አገሯ ስትመለስ እናቷ ከተቀበረች አራት ወር ሆኗት ነበር። ታላቅ ወንድሟ ቦዩዋን ከቀብር መቅረቷን ይቅር አላላትም። አሁን ደግሞ ቤተሰብ ለሞቱበት ዘመዶቹ ገንዘብ አቃጥሎ የሚልክበት የሙታን ቀን እየቀረበ ነው። ለእናታቸው የሚቃጠለው የወረቀት ገንዘብ ተጠቅልሎ፣ እንደ ደብዳቤ የተቀባይዋ ስም፣ ከጎኑም የላኪ ልጆቿ ስም ይጻፍበታል።

«በማሽን የታተመ ጥቅል እዚህ ቤት አይገባም» ብሏታል ቦዩዋን። «የእማዬን ስም በገዛ እጅሽ በብሩሽ ከጻፍሽ ስምሽ ከስሜ ጎን ይሰፍራል። አለዚያ ብቻዬን እልክላታለሁ።»

ሹቺንግ ፊደሉን ራሱ እየመረጠ በሚያወጣ ስልክ ላይ ስትጽፍ ኖራ ብዙ ጭረት ያለው የአገሯ ፊደል ከእጇ ጠፍቷል። ወረቀት ፊት ስትቀመጥ የትኛው ጭረት እንደሚቀድም ይጠፋባታል። ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር ጋሽ ቹ ናቸው ስፖንጅ ጫፍ ያለውን ረጅም ብሩሻቸውን ያዋሷት፤ እሳቸው በየማለዳው መናፈሻው የድንጋይ ንጣፍ ላይ በውሃ ይጽፋሉ።

«ወደ ኋላ እየሄድሽ ጻፊ እንጂ! የጻፍሽውን ልትረግጪው ነው። ውጭ አገር ወደ ፊት መሄድ ብቻ ነው እንዴ ያስተማሩሽ?»

«ጋሽ ቹ፣ እርስዎ አውቶቡሱን ወደ ኋላ ነበር የሚነዱት?»

«ለዚያ አይደል በጡረታ የገላገሉኝ! ደግሞ ጨመቅ አድርጊው፤ የምትጽፊው ፊደል ነው፣ ወለል አይደለም የምትወለውዪው።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ አግድም መስመር ብቻ አሰመረች። ከዚያ ጋሽ ቹ የጥንት ግጥሞች እያስገለበጡ ፊደል አስጀመሯት።

ለሙታን ቀን ሁለት ቀን ሲቀረው ሰማዩ ጠቁሮ ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጋሽ ቹ ባልዲያቸውን ሊሞሉ ሄዱ። ሹቺንግ ብቻዋን ስትቀር የእናቷን ስም ጻፈች፤ ሦስት ፊደል፣ እያንዳንዱ ክንድ የሚያህል። አንድም ጭረት አልሳተችም። ቀና ስትል ሰዎች ከበው ያያሉ፤ አንድ ጎረምሳ በስልኩ ይቀርጻል።

ጋሽ ቹ ባልዲውን ጥለው እየሮጡ መጡ። «አንቺ ልጅ! የማን ስም ነው?»

«የእናቴ።»

«በሕይወት አለች?»

«የለችም።»

«የሞተች እናትሽን ስም ሰው በሚረግጠው መሬት ላይ? ዕድሜ ልካችንን የሰው ግጥም የምንገለብጠው ለምን ይመስልሻል?»

«ውሃ እኮ ነው ጋሼ። ይደርቃል።»

ጋሽ ቹ ሰማዩን አዩ። በፀሐይ ቀን ዞር ሳይሉ የሚጠፋው ጽሑፍ እንደ ቅባት ድንጋዩ ላይ ያበራል።

«በመወልወያ ልጥረገው?»

«እናትሽን? በመወልወያ?»

ስለዚህ ቆሙ። እሳቸው በራስጌው፣ እሷ በግርጌው፣ እጃቸውን ዘርግተው አላፊ አግዳሚውን መለሱ። የሕፃን ጋሪ የምትገፋ አንዲት ሴት ስልክ እያወራች በጎን ገባች። ጎማውም ጫማዋም በመጨረሻው ፊደል ላይ አለፉ። «ውሃ የፈሰሰ መስሎኝ» አለችና ወሬዋን ቀጠለች። ድንጋዩ ለመድረቅ አንድ ሰዓት ግድም ፈጀበት።

ቤት ስትደርስ ቦዩዋን ጎረምሳው የቀረጸውን ምስል ሰዎች ልከውለት አይቶታል። ጠረጴዛው ላይ ጥቅሎቹ ተጽፈዋል፤ ቀለሙም ደርቋል። በላኪው ቦታ የእሱ ስም ብቻ ነው።

«ከቀብሯ ቀረሽ» አላት ቀና ሳይል። «አሁን ደግሞ ስሟን አንጥፈሽ ለመንገደኛ ሰጠሽው።»

ጥቅሎቹን አቅፎ መቃብሯ ወዳለበት መንደር ለመሄድ ወጣ። በሩ ሲዘጋ እሷ ገና ጫማዋን አላወለቀችም ነበር።

ሹቺንግ ስልኳን አወጣች። «ማንም አልረገጠውም» ብላ ጻፈች። አጠፋችው። እንደገና ጻፈች፦ «ወንድም ጋሼ፣ አንዲት ሴት የመጨረሻውን ፊደል ረግጣዋለች። ሁለቱን እስኪደርቁ ድረስ ቆሜ ጠብቄአቸዋለሁ።» ላከችው።

መልስ አልመጣም፤ በሙታን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ።