ሚቱ የሚያደርስ ኮምፒውተር

እኔ ኤቤሊዮ ቡስታማንቴ የመኪና መንጃ አስተማሪ ነኝ። እዚህ ቪያቪሴንስዮ ከተማ ውስጥ ቀይ መብራት ጥሰው ከሚያልፉት ግማሾቹ የኔ ተማሪዎች ናቸው ቢባል አልክድም። አውሮፕላን ላይ የወጣሁት በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ፣ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው እጅ ጨምድጄ። ይሄ ሁሉ ግን ስለ አውሮፕላን ከማውራት አግዶኝ አያውቅም። ስልኬ ላይ «የሳሎን ካፒቴኖች» የሚባል ቡድን አለን። መቶ አርባ ወንዶች ነን፤ ስለ በረራ ጨዋታና ጨዋታውን ስለሚችል ኮምፒውተር ስንጨቃጨቅ እንውላለን። ከመሃላችን ሲበር ያየሁት ግን አንድም የለም። ሁላችንም ገና እያስተካከልን ነው።

አማቴ ዶን ኡባልዲኖ ደግሞ የእውነት አብራሪ ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአሮጌ ባለ ሁለት ሞተር ዲሲ-3 አውሮፕላን አሳማ፣ ቢራ፣ ጋዝ፣ ምጥ የያዛት ሴት፣ አንዳንዴም ሬሳ ጭነው ጫካው ውስጥ ወዳለችው ሚቱ ሲመላለሱ ኖረዋል። ስለዚህ ሁሉ በዓመት አንዴ ቢያወሩ ነው። እኔ በቀን ሦስቴ አወራላቸዋለሁ።

የካቲት ላይ የዓይን ሐኪም ቤት የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ሐኪሟ አላባበለችንም፤ የሁለቱም ዓይናቸው መሃል እየሞተ ነው፣ መርፌው ያዘገየው ይሆናል እንጂ አያቆመውም፣ ገናን በደህና ዓይን ላያዩት ይችላሉ አለች። ስንመለስ መኪና ውስጥ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያ የበረራ ጨዋታ የምትለው ነገር ሚቱን ያሳያል?»

«ዶን ኡባልዲኖ! የያንዳንዱን ዛፍ ቅጠል ያሳያል እንጂ!»

«ቅጠሉ ይቅርብኝ። ቫውፔስ ወንዝ የሚታጠፍበትን አንዴ ከላይ አይቼ አውሮፕላኗን በገዛ እጄ ባሳርፋት ይበቃኛል። ዓይኔ ሳይዘጋ።»

«ለኔ ይተዉት» አልኩ። ያን ጊዜ ምላሴን ቢቆርጠው ምን ነበረበት!

ማታውኑ ለካፒቴኖቹ ጻፍኩ። ጨዋታው ከባድ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ደካማ ኮምፒውተር ላይ አውሮፕላኑ አይበርም፣ እየተቆራረጠ ይዘላል። አንዱ ዋናው ግራፊክስ ካርዱ ነው አለ፤ ሥዕሉን የሚስለው እሱ ነዋ። ሌላው የለም፣ ፕሮሰሰሩ ነው፣ አንጎሉ ከሰነፈ ካርዱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል አለ። ሦስተኛው ሜሞሪ አለ። አራተኛው «አሁን እንዳትገዛ፣ በሚቀጥለው ወር አዲስ ይወጣል» አለ፤ ይሄ ሰውዬ አራት ዓመት ሙሉ የሚቀጥለውን ወር እየጠበቀ ያለ ሰው ነው። እኔ ሁሉንም አመንኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በወረቀት ላይ ሠንጠረዥ አሰመርኩ፤ በሦስት ቀለም። ባለቤቴ ሉስ ዳሪ ወረቀቱን አየችና «ሰውዬ፣ ኮምፒውተር ነው የምትገዛው ወይስ ሴት ልጅህን ነው የምትድረው?» አለችኝ።

በመጨረሻ ቦጎታ ወዳለች ያሚሌ ወደምትባል ሻጭ ደወልኩ። ፈጣን ሴት ናት። ምን ላደርግበት እንደሆነ ጠየቀች፣ ነገርኳት፣ በሁለት ደቂቃ መረጠችልኝ። ሁለት ደቂቃ! እኔ ሦስት ሳምንት የለፋሁበትን! ተናደድኩ።

«ገጣጣሚያችን ቪያቪሴንስዮ አለ፤ መጥቶ ይሰካልዎት ዶን ኤቤሊዮ?» አለች።

«ለኔ?» አልኩ። «ለኔ ነው ሰው የምትልኪው? የኔ እመቤት፣ እኔ እኮ ከካፒቴኖቹ ነኝ።»

«ይቅርታ ካፒቴን» አለችና ስልኩን ዘጋች። ስቃብኛለች።

መጋቢት ላይ ዕቃው መጣ። እዚህ ላይ የቤታችንን ወግ መናገር አለብኝ። በኛ ቤት አዲስ ዕቃ ላስቲኩ አይወልቅም። ሶፋችን ከሠርጋችን ጀምሮ ላስቲኩ ውስጥ ነው፤ በሙቀት ቀን ስትነሳ ከጭንህ ጋር ተጣብቆ ይነሳል። የቴሌቪዥኑ ሪሞት በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው ያረጀው። እና እኔም የኮምፒውተሩን ላስቲክ ሳልነካ፣ ከጀርባው ያሉትንም ትንንሽ የፕላስቲክ ክዳኖች ሳልነቅል፣ ክፍት ሆኖ ያገኘሁት ቀዳዳ ላይ የስክሪኑን ገመድ ሰካሁ። ሥዕል መጣ። ደረቴን ነፋሁ።

ጨዋታውን ከፈትኩ፤ ሚቱ ላይ አውሮፕላኗን አየር ላይ አስቀመጥኳት። ይቆራረጣል! የሚያምር ፎቶግራፍ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ሌላ ይመጣል። ከጥጉ ላይ በሴኮንድ ስንት ሥዕል እንደሚያልፍ የሚናገር ቁጥር አለ። ዘጠኝ ይላል። ላቤ ጠብ አለ። ይሄን ጊዜ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ፤ ዶን ኡባልዲኖ ሳልሰማቸው ገብተዋል።

«ያ… ወንዙ ነው» አሉ። ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለዋል። «እሱ ነው። እዛ ጋ ነው የሚታጠፈው። እስቲ ተነስ፣ ልያዘው።»

«አይሆንም!» ብዬ ስክሪኑን አጠፋሁት። «ገና ነው ዶን ኡባልዲኖ። እንዲህ እየተቆራረጠ አላሳይዎትም። እርስዎን በሚያህል ሰው ላይ አላደርገውም።»

«ይበቃኛል እኮ።»

«ለኔ ይተዉት አልኩ አይደል!»

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ። እኔ በራሴ ኮራሁ። አዎ፣ ኮራሁ! ክብራቸውን የጠበቅሁላቸው መስሎኝ።

ኮምፒውተሩን መለስኩት። ያሚሌ ምን እንዳጣሁበት ብትጠይቀኝ «ካርዱ ደካማ ነው» አልኳት፤ ልዩነቱን ከፍዬ ትልቅ ካርድ ያለው አመጣሁ። ግንቦት ሆነ። እሱም ዘጠኝ አለ። ካፒቴኖቹ «ፕሮሰሰሩ ነው፣ አልነገርንህም?» አሉ። ይሄን ጊዜ ሁሉ ላስቲኩ አልወለቀም፤ አሁንማ እመልሰው ይሆናል ብዬ ይበልጥ ነው የተጠነቀቅኩት። እሱንም መልሼ ሦስተኛው ሲመጣ ያው ዘጠኝ፤ ሙቀቱ ነው አሉኝ፤ የቪያቪሴንስዮን ሙቀት እንኳን ማሽን ሰውም አይችለውም። ኮምፒውተሩን ተሸክሜ የአየር ማቀዝቀዣ ወዳለበት ብቸኛ ክፍል፣ ወደ መኝታ ቤታችን አስገባሁት። ሉስ ዳሪ ትራሷን ይዛ ሶፋው ላይ ተኛች። ሌሊቱን ሙሉ ላስቲኩ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ አንድ እሁድ ዶን ኡባልዲኖ ምሳ መጡ። ፓኔላ የምንለውን የሸንኮራ አገዳ ስኳር ውሃ ሲቀዱ ከብርጭቆው አጠገብ፣ ጠረጴዛው ላይ ቀዱት። «ይሄ ጠረጴዛ ዘንበል ብሏል፣ ላስተካክለው እያልኩ…» አልኩና ከሥሩ ካርቶን አጥፌ ወተፍኩ። ሉስ ዳሪ ወጥ ቤት ጠራችኝ።

«ኤቤሊዮ፣ ያንን ነገር ዛሬ ክፈትለት።»

«አሥራ አንድ ላይ ነው ያለው እኮ። ከዘጠኝ አሥራ አንድ አድርሼዋለሁ። ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።»

«ጊዜው የኔ ነው እንዴ የምሰጥህ?» አለችና ፎጣውን ወረወረችብኝ። እኔ ዞር ብዬ ስለ ፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ ቅባት ለካፒቴኖቹ ጻፍኩ።

ኅዳር ላይ ተስፋ ቆረጥኩ። ያሚሌ ጋ ደውዬ ጮህኩባት፤ ሦስቱንም የሸጠችልኝ እሷ ናት፣ ሦስቱም አይረቡም፣ ስሟን ቡድናችን ውስጥ አነሳዋለሁ አልኳት። ረጋ ብላ ሰማችኝ።

«ዶን ኤቤሊዮ፣ የጀርባውን ፎቶ ይላኩልኝ።»

ላክሁ። ከዚያ የሆነ የታፈነ ድምፅ ሰማሁ።

«ዶን ኤቤሊዮ… ገመዱን ለምን ላይኛው ላይ ሰኩት? እሱ እኮ የካርዱ አይደለም። ካርዱ ከታች ያለው ነው። ክዳን የተከደነበት።»

«ክዳኑ… እንዳይቆሽሽ ነዋ የተከደነው።»

«አዎ። እስኪነቀል ድረስ።»

ጥሩ ልጅ ናት፤ ስልኩን እስክዘጋ ድረስ አልሳቀችም። ማሽኑን ዞሬ ተንበረከክሁ፤ አንዲት ጥፍር የምታህል ጥቁር ክዳን ነቀልኩ፣ ገመዱን አዛወርኩ፣ ጨዋታውን ከፈትኩ። ስልሳ። አውሮፕላኗ ቅቤ ላይ እንደተቀመጠች ሄደች። ሦስት ኮምፒውተር፣ ዘጠኝ ወር፣ ሁሉም ካርዳቸው ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ነበር! ወይ ጉዴ! ወለሉ ላይ እንደተቀመጥኩ ብቻዬን ሳቅሁ። ለካፒቴኖቹ ግን «በብዙ ጥረት ፈታሁት» ብዬ ጻፍኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ዶን ኡባልዲኖን አስጠራኋቸው። ነጩን የአብራሪ ሸሚዛቸውን አስተኩሰው ለብሰው፣ የሉስ ዳሪን ክንድ ይዘው መጡ። ክንዷን መያዛቸውን አይቻለሁ፤ ፍቅር ነው አልኩ። ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳቸው፣ የጨዋታውን መሪ እጃቸው ላይ አደረግሁላቸው፣ ከሚቱ አሥር ደቂቃ ርቀት ላይ አየር ላይ አስነሳኋት። የሞተሮቹ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ትከሻቸው ወዲያው ቀና አለ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ዓይኔ ከጥጉ ቁጥር አልተነቀለም።

«የግራው ሞተር በደንብ ይሰማል» አሉ ፈገግ ብለው። «ወንዙ በየት በኩል ነው?»

«ስልሳ!» አልኩ። «አንድም አይወርድም!»

«ስልሳውን ተወው። ወንዙ።»

«ይኸው ፊትዎ ላይ ነው እኮ!»

«ፊቴ ላይ ያለው ጉም ነው ልጄ።»

ጉም አልነበረም። ጠዋት ሰማዩን ጥርት ያለ አድርጌ የመረጥኩት እኔው ራሴ ነኝ። ዞሬ ሉስ ዳሪን አየኋት፤ በሩን ተደግፋ እንባዋን በመዳፏ ትጠርጋለች። ወደ ዶን ኡባልዲኖ ዞርኩ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከነሐሴ። ዳር ዳሩ ይታየኛል፤ የበሩ ጠርዝ፣ የሰው ጆሮ። መሃሉ ሄዷል።»

«ለምን አልነገሩኝም? ዶን ኡባልዲኖ፣ ለምን?»

«ብነግርህ ለሱም ሌላ ኮምፒውተር ትገዛለህ ብዬ ፈራሁ» አሉ። ቀልዳቸውን ነው። አልሳቅሁም፤ መቆሚያ አጣሁ። «በል አሁን ቁጭ በል። ረዳት አብራሪ ቁጭ ብሎ ነው የሚሠራው። እየተመለከትክ ንገረኝ።»

ቁጭ አልኩ። ዘጠኝ ወር ሙሉ ስሠራበት የኖርኩትን ነገር ያን ቀን ገና ተመለከትኩት። «ወንዙ በግራ ነው» አልኩ። «ጥቁር ነው። ፀሐይ አርፎበታል። ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ ከዛ መታጠፊያው ውስጥ የቆርቆሮ ጣሪያዎች አሉ፣ ከጎናቸው ረጅም ነገር…»

«ማረፊያው ነው። ከፍታ?»

«ሁለት ሺህ ጫማ።»

«ወንዙን በግራ ክንፏ ሥር አደርገዋለሁ። ስትደርስ ንገረኝ።»

ነገርኳቸው። መሪውን እንደ ሕፃን ልጅ እጅ ቀስ ብለው ያዞሩታል። ስምንት መቶ፣ አምስት መቶ፣ ዛፎቹ ቀረቡ፣ ወደ ቀኝ፣ አይ ወደ ግራ፣ ማለቴ ወደ ቀኝ! መንጃ የማስተምር ሰው ቀኝና ግራዬ ጠፋኝ። ነካን፣ ነጠርን፣ ደግመን ነካን፤ ማረፊያው አለቀና ቁጥቋጦው ውስጥ ገብተን ቆምን። ሞተሮቹ ጸጥ አሉ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ያለ ረዳት አልገጠመኝም» አሉና ከት ብለው ሳቁ። ግንባራቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ፤ ላብ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«በመጋቢት ያመጣኸው፣ ወንዙን ያየሁበት… እሱ ምን ነበረው?»

መዋሸት እችል ነበር፤ ካርዱ፣ ፕሮሰሰሩ፣ ሙቀቱ፣ ወሬ ሞልቶኛል። ሉስ ዳሪ ከበሩ ታየኛለች።

«ምንም አልነበረውም» አልኩ። «ዶን ኡባልዲኖ፣ ምንም አልነበረውም። እኔ ነኝ።»

እጃቸውን ከመሪው አንስተው በአየሩ ውስጥ ፈለጉኝ፤ መጀመሪያ ጆሮዬን፣ ከዚያ ትከሻዬን አገኙት። አጥብቀው ያዙኝ። ይሰድቡኝ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ፤ ስድቡን ፈልጌው ነበር።

«ከቪያቪሴንስዮ እንነሳ» አሉ። «ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ፤ ሳትቸኩል።»