አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠየቅበት ከተማ

እንግሊዝኛ እንደ እኔ የሚያውቅ ሰው በሐይቅ ከተማ የለም። ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ማስረጃ አለኝ። በቀበሌያችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጀርባው የተላጠ አንድ ቀጭን መጽሐፍ አለ፤ ስለ ፈረንጆች የዕለት ኑሮና ልማድ የሚተርኩ ዐሥራ ሁለት አጫጭር ታሪኮች ተጽፈውበታል፣ ሰው እያነበበ ቋንቋውን እንዲማርባቸው። እነዚያን ታሪኮች ነጥብና ሰረዛቸው ሳይቀር በቃሌ እወጣቸዋለሁ። እርግጥ ነው ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ነገር ግን ዘጠነኛ ክፍል የደረሰችው የፋርማሲው ልጅ ሐያት አንድ ገጽ ለማንበብ ሦስት ጊዜ ስታርፍ፣ እኔ ትርንጎ በአክስቴ ስፌት ቤት ቁልፍ እየተከልኩ፣ ክሩን በጥርሴ እየበጠስኩ፣ ዐሥራ ሁለቱንም እጨርሳቸዋለሁ።

ሆኖም ያን ዕለት ኀሙስ፣ ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ ባለው ተራራ ትከሻ ላይ ተደግፋ የመጨረሻ ብርሃኗን በውኃው ላይ ስትዘረጋ፣ ዓሣ አጥማጆቹም ታንኳቸውን ወደ ዳር ሲጎትቱ፣ እኔ በተቆረጠ ጨርቅ ክምር ላይ ተቀምጬ ነገር አመነዥክ ነበር። ነገሩም ይህ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ መጻሕፍቱ ለሕፃናት ታሪክ የሚያስነብበው ቲቸር ይመር፣ በዐሥር ሰዓት ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ አራተኛውን ታሪክ ስወጣ ሰማኝ። ቆሞ አዳመጠኝና፣

«ትርንጎ፣ ቅዳሜ ለልጆቹ የምታነብላቸው ሰው እየፈለግሁ ነው። አንቺ ታነቢላቸዋለሽ?» አለኝ።

ልቤ ከደረቴ ወጥታ ጣራውን ልትመታ ምንም አልቀራት። ግን እኔ የሰው ልጅ ነኝ፤ አሳዳጊ አለኝ። ዐይኔን ወደ መሬት ጥዬ፣ «ኧረ እኔ ማን ሆኜ፣ አልችልም» አልኩ። ከዚያም ሁለተኛውን ልመና ጠበቅሁ። ሦስት ጊዜ ይለምነኛል፣ በሦስተኛው «እንግዲህ እርስዎ ካሉ» እላለሁ፤ ደንቡ ይኸው ነው።

ቲቸር ይመር ግን «እሺ፣ መልካም። እስከ ነገ ሌላ ሰው እጠይቃለሁ» ብሎ ሱሪውን አንጠልጥሎ ሄደ!

እስቲ አሁን ይህ የጤና ነው? ሐያትን ሊጠይቃት እንደሆነ አውቄያለሁ። ጥርጣሬዬ ያረፈው ግን በሐያት ላይ አይደለም፤ በዚያ መጽሐፍ ላይ ነው። ምክንያቱም አራተኛው ታሪክ ላይ ባለ ባርኔጣዋ ሚስስ ሂል ጎረቤቷን «ኬክ ትበያለሽ?» ትላታለች፤ ጎረቤቲቱ «አይ፣ አመሰግናለሁ» ትላለች፤ ሚስስ ሂል ኬኩን አንስታ ቁም ሣጥን ውስጥ ትከታለች። አለቀ! ስለ አየሩ ያወራሉ። ይህን ታሪክ አርባ ጊዜ አንብቤ፣ ልመናው ያለበት ገጽ ተቀዶ እንደሆነ ብዬ ገጾቹን ሁሉ ቆጥሬያለሁ። ምንም አልጎደለም። እንግዲህ ቲቸር ይመርም መጽሐፉን ሲያስነብብ ሲያስነብብ፣ ያ ጠባይ ሳያውቀው ገብቶበት ይሆናል። ዛሬ እሱ፣ ነገ ሕፃናቱ፣ ከነገ ወዲያ ከተማው። ምን ልንሆን ነው?

አክስቴ አስካለ «እራት ብዪ» ብትለኝ «አልፈልግም» አልኳት። በዚህ ሐሳብ ላይ ሳለሁም የስፌት መኪናዋ ድምፅ እየራቀ፣ የጨርቁ ክምር እየለሰለሰ ሄደ፤ ተኛሁ እንዳልል ሁሉን አያለሁ፣ ነቃሁ እንዳልል እግሬ መሬት አልነካም።

እነሆም ከጨርቁ ክምር መሐል አንዲት ሴት ወጡ። ቀይ ባርኔጣ አድርገዋል፤ በክንዳቸው ቅርጫት አንጠልጥለዋል። የሚታየኝ ግን አንድ ዐይን፣ አንድ ጆሮ፣ የአፍንጫቸውም አንድ ጎን ብቻ ነበር። ዞሬ ባያቸው እሳቸውም አብረውኝ ይዞራሉ፤ ያው አንድ ጎን።

«እርስዎ ሚስስ ሂል አይደሉም?» አልኳቸው።

«ነኝ። ተነሺ፣ የምታዪው አለ» አሉኝ፣ በተባ አማርኛ።

«ሌላው ፊትዎስ የት አለ?»

«ሠዓሊው በዚህ በኩል ብቻ ነው የሣለኝ።»

«የሚደብቁት ነገር ቢኖር ነዋ!» አልኩ በሆዴ፤ ግን ተከተልኳቸው።

ወደ አንዲት ከተማ ስንደርስ ሐይቅ ራሷ ነበረች፤ ውኃው ያው፣ ተራራው ያው፣ አስፋልቱ ያው። ሆኖም በቤቱ ሁሉ ፊት አበባ ተተክሏል፣ በሩ ሁሉ ተዘግቷል፣ መንገደኛው ሁሉ አንድ ጊዜ «ደኅና ዋልክ» ተባብሎ ያልፋል፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም የሚጠይቅ የለም። ባጃጆች ጥሩምባ አይነፉም። ጸጥታው ጆሮዬን በላኝ።

«ሰው ሞቶባቸው ነው?» አልኩ።

«ለምን እንዲህ አልሽ?»

«ማንም አይጮኽማ።»

ሚስስ ሂል ወደ አንድ መሥሪያ ቤት አስገቡኝ። ጸሐፊው በሰዓቱ ከወንበሩ ላይ ተገኝቷል፤ «ምን ልርዳዎት?» እያለ የባለጉዳዩን ወረቀት ተቀብሎ፣ አንብቦ፣ ማኅተም መትቶ ይመልሳል። «ነገ ተመለስ» አላለም። ጎንበስ ብዬ ከጠረጴዛው ሥር አየሁ።

«ምን ጠፋብሽ?» አሉኝ።

«እጅ መንሻው በየት በኩል እንደሚገባ ነው የማየው።»

«አይገባም።»

«እንግዳ ስለሆንኩ ነው የሚደብቁኝ» አልኳቸው።

ከዚያ ወደ አውቶቡስ መሳፈሪያው ሄድን። ሰልፉ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሏል። አንዲት ሴት ከኋላ ሆና «አሞኛል፣ እባካችሁ አስቀድሙኝ» አለች፤ ያለ ጭቅጭቅ መንገድ ለቀቁላት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህስ ደስ አለኝ። በእኛ ዘንድ ያቺ ሴት ሰው እስኪጠረጥርላት ድረስ አፏን ይዛ ትቆም ነበር።

«እዚህ ሰው የልቡን በአፉ ይናገራል፤ ሰሚውም የተነገረውን ያምናል» አሉ ሚስስ ሂል፣ ኩራት ብጤ እየታየባቸው።

«ያልተነገረውንስ ማን ይሰማዋል?» አልኩ።

ያቺ አንዲት ዐይናቸው ብልጭ ድርግም አለች።

ብዙ ስለዞርን ራበኝ። ወደ አንድ ቤት ገባን፤ ባለቤቲቱ ቁርጥ አክስቴን አስካለን ትመስላለች፤ ገበታው ሞልቷል፣ ከሐይቁ የወጣ ዓሣ ተጠብሶ ይጨሳል። «ትበያለሽ?» አለችኝ። «ኧረ በልቻለሁ» አልኩ። ሳህኑን አነሳችው! በሁለተኛው ቤት «ትንሽ ቅመሺ?» አሉኝ፤ «ጠግቤያለሁ» አልኩ፤ አነሱት። ሚስስ ሂል ግን በየቤቱ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» እያሉ በዚያ በግማሽ አፋቸው ያላምጣሉ።

«ለምን አይለምኑኝም?» አልኳቸው።

«ጠግቤያለሁ አልሽ እኮ።»

«ጠግቤያለሁ ማለት ጠግቤያለሁ ማለት ነው እንዴ?»

«ታዲያ ምን ማለት ነው?»

«ደግማችሁ ጠይቁኝ ማለት ነው! ከልባችሁ እንደሆነ ልይ ማለት ነው!»

«ይህ በየትኛው ታሪክ ተጽፏል?» አሉኝ።

በሦስተኛው ቤት ነገሬ ሁሉ በገዛ እንግሊዝኛቸው ይሁን ብዬ ወሰንኩ። ያን ሁሉ የሸመደድኩት ለዚህ ቀን አይደል? ባለቤቲቱ ፊት ቆሜ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ አፌን ስከፍት የወጣው «ድመቷ ከጠረጴዛው ሥር ናት» የሚለው ሆነ፤ ሁለተኛው ታሪክ፣ ገጽ ሰባት። ሴትዮዋ በትሕትና ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር ፈለገች። እንደገና ሞከርኩ፤ «ነገ ከአጎታችን ጋር ወደ ባሕር ዳርቻ እንሄዳለን» አልኩ። «መልካም ጉዞ» ብላ በሩን ከፈተችልኝ። ዐሥራ ሁለት ታሪክ በሆዴ ይዤ «ራበኝ» የምትል አንዲት ቃል አጣሁ! ለካ ከነዚያ ታሪኮች በአንዱም ውስጥ የተራበ ሰው የለም።

«አሁንስ ወደ ቤቴ ይመልሱኝ። ይህ የተንኮል ከተማ ነው» አልኩ።

«አንድ ቦታ ይቀረናል» አሉኝ፤ በሐይቁ ዳር ዳር ይዘውኝ ሄዱ።

የወሰዱኝ ወደ ሌላ ሁለተኛ ሐይቅ ከተማ፣ ወደ ቀበሌያችን ቤተ መጻሕፍት ነበር። አድጎ፣ ተመዝዞ፣ ጣራው ከባሕር ዛፎቹ በላይ ሆኗል። መስኮቶቹ ወደ ውኃው ተከፍተዋል፤ ጫጫታው ገና ከሩቅ ይሰማል። መደርደሪያዎቹ ላይ በክር የተሰፉ ቀጫጭን መጻሕፍት ተሰድረዋል፤ ስፌቱን በጣቴ ብነካው የእኛ ቤት የጥልፍ ክር ነው። ውስጣቸው እንግሊዝኛ ነው፤ ታሪኩ ግን የእኛው። አንዱ ታንኳ ውስጥ ውኃ የገባበትን ዓሣ አጥማጅ ይተርካል፤ አንዱ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ካስማ የጠፋበትን የዕድር ዳኛ፤ ሌላው ደግሞ ለተሳፋሪ ሁሉ ምክር የሚሰጠውን የባጃጅ ሹፌር። በዚያም እንደ መጀመሪያው ከተማ ሰው በሰዓቱ ይገኛል፣ ሰልፉም ቀጥ ያለ ነው፤ ሆኖም ሰው ተጠያይቆ አይጠግብም።

አንድ ፈረንጅ ጥግ ላይ ተቀምጦ መጽሐፉን በግራ እጁ፣ ሳህን በቀኝ እጁ ይዞ፣ ፊቱ ያለችውን ሕፃን «በሞቴ! በሞቴ እኮ ነው!» ይላታል፤ እሷ በሳቅ ትፈርሳለች።

መሐል ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብ ነበር፦ «እንግዳዋ በልቻለሁ አለች። አክስቲቱ ግን ዐይኗን አይታ እንደራባት ስላወቀች፣ እንደገና ጠየቀቻት።»

ይህን ሰምቼ ዘወር ብል ሚስስ ሂል ወደ እኔ ሙሉ በሙሉ ዞረዋል። ሌላው ጉንጫቸው ልክ እንደ አክስቴ ማዲያት ነበረበት፤ ሁለተኛው ዐይናቸውም ያለቀሰ ይመስላል።

«ያን ዕለት ጎረቤቴ አይ ስትል፣ እኔም ብቻዬን መብላት አልፈለግሁም ነበር። የታሪኩ ደራሲ ግን አልጻፈውም» አሉኝ።

እንደዚያ ሲሉ አሳዘኑኝ። ቢሆንም ጥርጣሬ ጥርጣሬ ነው፤ «ይህን ሁሉ መጽሐፍ ማን ጻፈው? ምንስ አግኝቶበት?» አልኩ።

«እያንዳንዱ የራሱን። የስፌት ቤቱ ግን ገና አልተጻፈም» ብለው ከቅርጫታቸው አንድ ባዶ ደብተር አወጡ፤ ያቺም ልጅ፣ ፈረንጁም፣ ዓሣ አጥማጁም ወደ እኔ ተመለከቱ። «ትርንጎ፣ አንቺ ትጽፊዋለሽ? ለልጆቹስ ታነቢላቸዋለሽ?»

ምን ብል ጥሩ ነው?

«ኧረ እኔ ማን ሆኜ…»

ደብተሩ ተዘጋ። መስኮቶቹ አንድ በአንድ ተከደኑ፣ መደርደሪያዎቹ ወደ ኋላ ሸሹ፣ ሚስስ ሂልም ወደዚያው ወደ አንድ ጎናቸው ዞሩ። «እሺ! እሺ! እሺ ነው ያልኩት!» እያልኩ ስጮኽ ከጨርቁ ክምር ላይ ተንከባለልኩ።

አክስቴ መብራቱን አብርታ ቁልቁል ታየኛለች። «ምኑን ነው እሺ የምትይው? ባዶ ሆድሽን ተኝተሽ ነዋ የምትቃዢው። ነይ ብዪ።»

«እሺ» አልኩ ወዲያው።

እጇ ሳህኑ ላይ ቀረ። «አሞሻል እንዴ? ሳልለምንሽ?» ብላ ግንባሬን ዳሰሰች፤ እስክጨርስ ድረስም በጎን በጎን ታየኝ ነበር።

ያየሁትን ለሰው ሁሉ ለመናገር ቆርጫለሁ፤ ስለዚህ ዐርብ ጠዋት ከሁሉ አስቀድሜ ወደ ቲቸር ይመር ቤት ሮጥኩ። ጃኬቱን በአንድ እጁ እያጠለቀ፣ በሌላው ዳቦ ይዞ ከበሩ ሲወጣ አገኘሁት። መንገዱን ዘግቼ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ ግማሽ ፊቷ ሴትዮ፣ ስለ ተዘጉት በሮች፣ ስለ ድመቷ፣ በክር ስለ ተሰፉት መጻሕፍት። የራሳችንን ኑሮ በእንግሊዝኛ ካልጻፍን ሕፃናቱ ርቧቸው እንኳ መናገር እንደማይችሉ አስጠነቀቅሁት። በመጨረሻም ጣቴን ቀስሬ፣ «እርስዎንም ያ መጽሐፍ ለክፎዎታል ቲቸር! ባይለክፍዎት ኖሮ ትናንት አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቀውኝ አይሄዱም ነበር!» አልኩት።

«ባጃጁ እየጠበቀኝ ነበር» አለኝ። «ጥሩምባውን አልሰማሽም? አሁንም ሁለተኛውን ልለምንሽ ወደ እናንተ ቤት እየመጣሁ ነው።»

ባጃጅ ያለውን አላመንኩትም። ግን «እሺ፣ አነባለሁ፤ የራሴንም ጽፌ አመጣለሁ» አልኩ፣ ሦስተኛውን ሳልጠብቅ።

ቲቸር ይመር የቀዘቀዘ ዳቦውን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ።

«ትርንጎ፣ ሁለት ከተማ ዞረሽ የመጣሽው እሺ ለማለት ነው? ይህችን ትናንት ብትያት ኖሮ እኔም ዛሬ ቁርሴን በልቼ እወጣ ነበር!»