ቆመው የሚማሩት

ስሚኝማ፣ ላንቺ ምን ደብቄሽ አውቃለሁ? ይኼንንም ልንገርሽ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ሳትሰሚ እንዳትፈርጂብኝ።

በሰባ አምስት አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት ስቀመጥ፣ ቀበሌያችን የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ አደረገኝ። ሁለት ክፍል፣ ሁለት አስተማሪ፤ እኔና የሊቀ መንበሩ ልጅ ሰገነት። ከሁለታችን ተማሪዎቿ የማንበብ ፈተናውን ላለፉላት ለመምህራን ማሠልጠኛ የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፍላታል ተባለ። ያን ደብዳቤ እንዴት እንደ ፈለግሁት አትጠይቂኝ።

ክፍል የሚደለድለው የቀበሌው የትምህርት ኃላፊ ጓድ አስማማው ነው። ለሰገነት አዳራሹን ከነአግዳሚ ወንበሩ ሰጣት፤ ተማሪዎቿ ከሰዓት በኋላ፣ በልተው ተኝተው የሚመጡ የነጋዴ ሚስቶች። ለኔ ደግሞ ሐይቁ ዳር ያለችውን፣ ድሮ ዓሣ ይከማችባት የነበረችውን ቆርቆሮ ቤት። ያውም በጧት፣ ከፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ የሚወጡ ሴቶችን። ይኼ ምን ዓይነት ድልድል ነው ብዬ ብጠይቀው፣ አብዮቱ ምቾት አይጠይቅም አለኝ። ለሰገነት ሲሆን ይጠይቃል ማለት ነው።

ሴቶቹ የጥጥ ብናኙ ፀጉራቸው ላይ እንዳለ ይመጡና "ሀ" ሳልል ያንኮራፋሉ። ጮህሁ፣ ለመንሁ፣ አለቀስሁ። ሲመረኝ የሚቀመጡባቸውን ድንጋዮች አንድ በአንድ አውጥቼ ጣልሁ፤ ቆመው መማር ጀመሩ። ስድስት ወር ሙሉ ቆመው። እማማ የሺመቤት የሚባሉ የፋብሪካው ጠራጊ አሉ፤ ምስክር ወረቀቱን ካገኙ ወደ ማሽን ሊዛወሩ ነው። ወገባቸውን በነጠላ አስረው፣ በእንቅልፍ ያዘነበለችውን በክርናቸው ይጎሽሟታል።

"ተነሽ አንቺ፣ ልጅሽ ከግንባር የጻፈልሽን በጎረቤት ልታስነብቢ ነው?"

ማንበብ ቻሉልሽ። ሰገነት ግን በሳምንት ሁለት ቀን ከመጣች ብዙ ነው፤ ተማሪዎቿ ጥልፍ እየጠለፉ ይውላሉ።

ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው ጓድ አስማማው ድልድሉን ገለበጠው። ከአውራጃ ፈታኝ ስለሚመጣ ጎበዞቹ አዳራሽ ይግቡ ብሎ የኔን ለሰገነት፣ የሷን ለኔ። ደሜ ፈላ። ቢሮው ሄጄ ተማሪዎቹ የኔ ናቸው አልሁት።

"የሰፊው ሕዝብ ናቸው" አለኝ፣ ቀና ብሎም ሳያየኝ።

በዋዜማው ሰገነት ሹሩባዋን ተሠርታ መጣች። እነዚህ ሴቶች የተለየ ፀባይ አላቸው ወይ አለችኝ።

"ምንም የላቸውም። እንግዳ ስለሚመጣ ብቻ ወንበሩ ላይ ደህና አርገሽ አስቀምጫቸው።"

አመሰገነችኝ እኮ።

በማግሥቱ የኔ ሴቶች ከፈረቃ ወጥተው በቀጥታ አዳራሽ ገቡ፤ ሰገነትም አስቀመጠቻቸው። ፈታኙ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ሲደርስ ሁሉም እርስ በርስ ተደጋግፈው ተኝተዋል። እኔ በመስኮት አያለሁ፣ አፌን በነጠላዬ ይዤ እስቃለሁ። ሰገነት አንዷን ስትቀሰቅስ ሌላዋ ትተኛባታለች። እማማ የሺመቤት ደንግጠው ተነሡና ወረቀቱን ዘቅዝቀው ያዙት። ፈታኙ ሌላ ዕድል አልሰጣቸውም፤ መሃይም ብሎ መዘገባቸው። ወደኔ የመጡት የነጋዴ ሚስቶችም ስማቸውን እንኳ አልጻፉም። ደብዳቤው ለማናችንም ሳይጻፍ ቀረ። እማማ የሺመቤት ዛሬም ይጠርጋሉ።

ጓደኛዬ አገርነሽን ታውቂያት የለ? ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ይኼን ሁሉ ነገርኋት፤ የሰገነትን መደናገጥና የሴቶቹን ማንኮራፋት ሳይቀር እየሠራሁ አሳየኋት። ትስቅልኛለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። እንዲህ አለችኝ፦

"ሰገነትማ ነገ አባቷ ሌላ ነገር ያገኙላታል። እማማ የሺመቤት ምን አድርገውሽ ነው?"